ባር ፊደርን በእጅ ፕሮግራም ማድረግ፦ ማንድሪኖው ከሚከፈትበት እስከሚዘጋበት

«ጋሼ፣ ማሽኑ ቆሟል። አላርም የለውም። አረንጓዴ መብራቱ በርቷል፣ ግን ንቅንቅ አይልም።»

እንዲህ ዓይነት ስልክ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። አንዱ ከቃሊቲ ይደውላል፣ ሌላው ከገላን፣ ሌላው ከዱከም። ብዙዎቹ ያገለገለ ሲኤንሲ ቶርኖ (በኮድ የሚታዘዝ የብረት መቅረጫ ማሽን) የገዙ ልጆች ናቸው። ባር ፊደሩ (ባሩን፣ ማለትም ረጅሙን ክብ ብረት፣ ከኋላ ወደ ማሽኑ የሚገፋው መሣሪያ) ከማሽኑ ጋር መጥቷል። ፕሮግራሙ ግን አልመጣም። ስለዚህ በእጃቸው ይጽፋሉ፣ ይሞክራሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። የሚሰናከሉበት ቦታ ደግሞ ሁሌ ያው ነው።

ኮዱ ራሱ ከባድ አይደለም። ከባዱ ማንድሪኖው (ባሩን በጥርሶቹ ይዞ የሚዞረው ክፍል) ተከፍቶ እስኪዘጋ ያለችው አራት ሰከንድ ናት። በዚያች አራት ሰከንድ ባሩን የያዘው ጥርስ የለም። የያዘው እናንተ የጻፋችሁት ቅደም ተከተል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ የፊተኛው እስኪያልቅ መጠበቅ አለበት። ይህ መመሪያ የሚያተኩረው እሷ ላይ ነው።

ስለ ፊደሎቹ አንድ ነገር። ማሽኑ ኪቦርድ ላይ ያሉት የላቲን ፊደሎች ናቸው። እኔ እዚህ በድምፃቸው እጽፋቸዋለሁ። ጂ፣ ኤም፣ ኤክስ፣ ዜድ ስል ያንኑ ቁልፍ ተጫኑ። ምሳሌዎቹ ለፋኑክ ዓይነት ኮንትሮል (የማሽኑ ኮምፒውተር) ናቸው።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ ባር የሚቀበል መሆኑን አረጋግጡ

1. ማንድሪኖው መሃሉ ክፍት ነው? ዝግ ከሆነ ባር አያልፍበትም፤ እዚህ ላይ አቁሙ።

2. በስፒንድሉ (ማንድሪኖውን የሚያዞረው ክፍት ዘንግ) ውስጥ ያለውን የመሳቢያ ቱቦ የውስጥ ስፋት ለኩ። ባሩ ማለፍ ያለበት በእሱ ነው። የማንድሪኖውን ቀዳዳ ብቻ ለክቶ ባር የገዛ ሰው አውቃለሁ። ባሩ ቱቦው ላይ ቀረ።

3. ላይነር አስገቡ። ላይነር ማለት ስፒንድሉ ውስጥ ገብቶ ባሩ እንዳይወዛወዝ የሚደግፍ ቱቦ ነው። ውስጡ ከባሩ በ1 ሚሊሜትር ገደማ ቢሰፋ ጥሩ ነው። በጣም ሰፊ ከሆነ ባሩ ውስጥ ይደንሳል፤ በጣም ጠባብ ከሆነ ይነክሳል።

4. የባሩ ጫፍ ከስፒንድሉ ኋላ ያለ ድጋፍ እንዳይወጣ። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ድጋፍ የሌለው ባር በፍጥነት ሲዞር ይታጠፋል። ከታጠፈ በኋላ እንደ ዱላ ማሽኑንም ሰውንም ይመታል። ባር ፊደሩ እስከ ጫፍ የሚደግፍ ካልሆነ ባሩን ከስፒንድሉ አሳጥራችሁ ቁረጡ።

5. የማንድሪኖውን መክፈቻና መዝጊያ ኮድ እወቁ። እኔ በምጠቀምበት ማሽን ኤም68 ይዘጋል፣ ኤም69 ይከፍታል። ሃስ ማሽን ላይ ኤም10 ይዘጋል፣ ኤም11 ይከፍታል። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የማሽኑን መጽሐፍ እዩ። ከዚያ ባር ሳይኖር በኤምዲአይ (አንድ ትእዛዝ ጽፋችሁ ወዲያው በምታስፈጽሙበት ሞድ) አንድ በአንድ ሞክሩት። ጥርሱ ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ መዝጊያው ያ ነው። ከውስጥ መያዣና ከውጭ መያዣ የሚቀይረው ማብሪያ ተገልብጦ ከሆነ ሁለቱ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ማብሪያውን አስተካክሉና በቴፕ ሸፍኑት።

ደረጃ 2፦ ባሩን አዘጋጁ

መርካቶ የምትገዙት ባር ብዙውን ጊዜ 6 ሜትር ነው። ለማሽናችሁ በሚሆን ርዝመት ይቆረጣል። በዚህ ምሳሌ 1 ሜትር እንቆርጣለን፤ ውፍረቱ 30 ሚሜ ነው። የዚህ አንድ ቁራጭ ክብደት 5.5 ኪሎ ገደማ ነው። ቁጥሩን ያዙት፤ ለአየር ግፊቱ ይጠቅመናል።

ጥቁሩ፣ በሙቀት የተዳመጠው ባር ርካሽ ነው። ግን ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ግማሽ ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ይለያያል፣ ቅርፊት አለው፣ ቀጥ ያለም አይደለም። ለባር ፊደር ብሩሁን፣ በቀዝቃዛ የተጎተተውን ብትገዙ ይሻላል። ዋጋው ይጨምራል፤ ነገር ግን በየሃያ ደቂቃው ማሽኑን ከማቆም ይረክሳል።

ለእያንዳንዱ ባር ይህን አድርጉ፦

1. ወለል ላይ አንከባሉት። የሚዘልል ከሆነ ጠማማ ነው፤ ለሌላ ሥራ አስቀምጡት።
2. የሁለቱንም ጫፍ ጠርዝ በግራይንደር አለዝቡት። ስለታም ጠርዝ ላይነሩን ይፍቃል፣ ጥርስ ላይም ይሰነቀራል።
3. በዘይት ጨርቅ ጥረጉት። ከመንገድ ዳር ወርክሾፕ የሚገባው አቧራ ላይነር ውስጥ ከኩላንት ጋር ሲቀላቀል ጭቃ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ቁጥሮቹን በወረቀት አውጡ

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት እስክሪብቶ አንሱ። የምንሠራው ለእህል ወፍጮ የሚሆን ፒን ነው እንበል። የተጠናቀቀ ውፍረቱ 28 ሚሜ፣ ርዝመቱ 40 ሚሜ።

ዜድ በባሩ ርዝመት የሚቆጠረው ነው፤ ወደ ማንድሪኖው ሲሄድ በ‑ ይጻፋል። ኤክስ በባሩ ውፍረት የሚቆጠረው ነው። ዜድ ዜሮ የት ነው? የተጠናቀቀው ፒን የፊት ገጽ ላይ። ሁሉም ቁጥር ከዚያ ይቆጠራል።

*ባሩ በየዙሩ የሚወጣው ርዝመት።* የፒኑ ርዝመት 40፣ የመቁረጫው ስፋት 3፣ ፊቱን ለማጽዳት የሚተው 0.5። ድምሩ 43.5 ሚሜ። የመቁረጫውን 3 ሚሜ መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። ከረሳችሁት ሁለተኛው ፒን በ3 ሚሜ ያጥራል።

*መቁረጫው የሚቆምበት ዜድ።* መቁረጫውን ስትለኩ ፊቱን የነካው በማንድሪኖ በኩል ያለው ጠርዙ ነው። ስለዚህ 40 ሚሜ ፒን ለመቁረጥ ዜድ ‑43 ላይ ይቆማል። ከቆረጠ በኋላ የቀረው ባር ፊት ያለውም ዜድ ‑43 ላይ ነው። ይህችን ቁጥር ክበቡባት። ፕሮግራሙ በሙሉ የተሠራው በእሷ ላይ ነው።

*ከጥርስ ውጭ የሚቀረው።* መቁረጫው ጥርሱን እንዳይነካ 8 ሚሜ ክፍተት ተዉ። 43.5 እና 8 ሲደመር 51.5 ሚሜ።

*ከአንድ ባር ስንት ፒን?* ከ1000 ሚሜ ላይ ጫፉን ለማስተካከል 5 ይሄዳል፤ 995 ይቀራል። የመጨረሻው ፒን ሲሠራ ባሩ ቢያንስ 51.5 ከጥርስ ውጭ፣ 30 ደግሞ ጥርስ ውስጥ ሊኖረው ይገባል። ይህ 81.5 ነው። 995 ሲቀነስ 81.5 ውጤቱ 913.5፣ ለ43.5 ሲካፈል ልክ 21 ነው። የመጀመሪያው ፒን ሲጨመር በወረቀት 22 ይወጣል። እናንተ ግን 21 ጻፉ። በመጋዝ የተቆረጠ ባር 2 ሚሜ አጥሮ ቢመጣ 22ኛው ላይ ጥርሱ በቂ ብረት አይዝም። ለአንዲት ፒን ብላችሁ ባር አታስወርውሩ።

የባር ፊደሩ ገፊ ዘንግም እስከዚያ ድረስ መድረስ አለበት። አጭር ከሆነ ባሩ ሳያልቅ መግፋት ያቆማል። በዚያ ጊዜ ቁጥሩን ቀንሱ።

ደረጃ 4፦ ማቆሚያውን ቱሬት ላይ እሰሩ

ማቆሚያ ማለት ባሩ ሲወጣ ገጭቶ የሚቆምበት ነገር ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ጠንካራ ዘንግ ይበቃል። በምሳሌያችን ቱሬቱ (ቱሎቹ፣ ማለትም መቁረጫዎቹ፣ የሚታሰሩበት ዞሪ ራስ) 8 ቁጥር ላይ ታስሯል።

- ዘንጉ ከቱሬቱ በደንብ ወጣ ብሎ ይታሰር። ባሩ ጋ ሲደርስ ቱሬቱ ወይም ጎረቤቱ ያለ ቱል ማንድሪኖውን መንካት የለበትም። በእጅ እየነዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።
- ጠፍጣፋ ፊቱን ዜድ ላይ ለኩና ኦፍሴቱን (የተለካውን ቁጥር) አስገቡ።
- ቡሎኖቹን ሁለት ጊዜ አጥብቁ። ይህ ዘንግ ቀኑን ሙሉ ይገጫል። ፊቱን ለማጽዳት ከተተወው 0.5 ሚሜ በላይ ቢንሸራተት እያንዳንዱ ፒን ፊቱ ላይ ያልተቆረጠ ቦታ ይዞ ይወጣል።

ደረጃ 5፦ የባር ማውጫውን ሰብ ፕሮግራም ጻፉ

ሰብ ፕሮግራም ማለት ዋናው ፕሮግራም እየጠራ የሚያስኬደው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ኦ2000
ኤን10 ኤም05
ኤን20 ኤም09
ኤን30 ጂ28 ዩ0
ኤን40 ጂ28 ደብልዩ0
ኤን50 ቲ0808
ኤን60 ጂ98
ኤን70 ጂ00 ዜድ10.0
ኤን80 ኤክስ0
ኤን90 ጂ01 ዜድ‑42.0 ኤፍ1500
ኤን100 ጂ04 ኤክስ1.0
ኤን110 ኤም69
ኤን120 ጂ04 ኤክስ1.5
ኤን130 ጂ01 ዜድ0.5 ኤፍ1500
ኤን140 ጂ04 ኤክስ1.0
ኤን150 ኤም68
ኤን160 ጂ04 ኤክስ1.5
ኤን170 ጂ01 ደብልዩ2.0 ኤፍ500
ኤን180 ጂ28 ዩ0
ኤን190 ጂ28 ደብልዩ0
ኤን200 ጂ99
ኤን210 ኤም99

ጂ00 በፈጣኑ (በራፒድ) መሄድ፣ ጂ01 በተሰጠው ፊድ (ኤፍ፣ የመሄጃ ፍጥነት) መሄድ፣ ጂ04 መጠበቅ፣ ጂ28 ወደ ሆም መመለስ ነው። አሁን ምክንያቱን።

*ኤን10።* ስፒንድሉ ይቆማል። እየዞረ ማንድሪኖ የሚከፈት ነገር የለም። ብዙ ማሽን ራሱ ይከለክላል፤ እናንተ ግን በእሱ አትመኑ።

*ኤን60።* ስልክ የሚያስደውለው መስመር ይህ ነው። ቶርኖ ላይ ፊድ የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ በዙር ነው፤ ያ ጂ99 ነው። ስፒንድሉ ከቆመ ዙር የለም። ዙር ከሌለ ፊድ የለም። ማሽኑ ጂ01 ላይ ይደርስና ስፒንድሉ እስኪዞር ይጠብቃል። ስህተት አልሠራምና አላርም አያወጣም። ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጂ98 ፊዱን በደቂቃ ያደርገዋል፣ ያኔ ስፒንድሉ ቆሞም ይሄዳል። በአንዳንድ ማሽን ጂ04 እንኳ በጂ99 ጊዜ በዙር ይቆጠራል። ስለዚህ ጂ98 ከመጀመሪያው ጂ04 በፊት ይግባ።

*ኤን90።* ማቆሚያው ወደ ባሩ ይጠጋል፤ 1 ሚሜ ብቻ ይቀረዋል። ብዙ ሰው ማቆሚያውን በቀጥታ ዜድ 0.5 ላይ ያቆምና ማንድሪኖውን ይከፍታል። ባሩ 43.5 ሚሜ ተወርውሮ ይገጫል። 5.5 ኪሎ ብረት በአየር ተገፍቶ በሺህ ጊዜ ሲገጭ አስቡት። የቱሬቱ አሰላለፍ ይዛባል። መጀመሪያ ተጠጉ፣ ከዚያ ባሩን እያስከተላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

*ኤን120።* ጥርሱ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት መጠበቂያ። ጂ04 ኤክስ1.5 ማለት አንድ ሰከንድ ተኩል ነው። በኤክስ ፋንታ ፒ ከጻፋችሁ በሚሊሰከንድ ነው፤ ፒ1500 ትላላችሁ፣ ነጥብ ሳታደርጉ።

ይህቺ መስመር ቁጥሯ በማሽኑ ይወሰናል። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት፣ 1 ሰከንድ ጽፌ፣ ማሽኑን ገና እንደከፈትኩ ሥራ አስጀመርኩ። የሃይድሮሊክ ዘይቱ በብርዱ ወፍሯል። ጥርሱ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ማቆሚያው ሄደ፣ ባሩ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ጥርሱ መልሶ ያዘው። እስካይ ድረስ 14 አጭር ፒን ሳጥኑ ውስጥ ወድቋል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ማንድሪኖውን አሥር ጊዜ ያህል በእግር ፔዳሉ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ከዚያ ነው ስታርት የምጫነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

*ኤን130።* ማቆሚያው ባሩን ከኋላው እያስከተለ ዜድ 0.5 ድረስ ይመለሳል። በኤፍ1500 ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ባሩ ወደ ኋላ ከቀረ ፊዱን ቀንሱ።

*ኤን140።* ባሩ ማቆሚያው ላይ ተረጋግቶ እንዲቀመጥ። ይህን መስመር አውጥቶ ጊዜ የሚቆጥብ አለ። ባሩ ነጥሮ ሳለ ጥርሱ ይይዘዋል፣ ርዝመቱም አንዴ ይረዝማል አንዴ ያጥራል።

*ኤን170።* ከባሩ ላይ ቀስ ብሎ በቀጥታ 2 ሚሜ መላቀቅ። ወዲያው በኤክስ ከሄደ ፊቱን ይፍቃል።

*ኤን200።* ጂ99 ይመለሳል። ከረሳችሁት ቀጣዩ ቱል ኤፍ0.12 ሲያይ በደቂቃ 0.12 ሚሜ ብሎ ይረዳል። ማሽኑ የቆመ ይመስላችኋል።

ደረጃ 6፦ ዋናው ፕሮግራም

ኦ1000
ኤን10 ጂ40 ጂ99
ኤን15 ኢፍ[#500 ጂኢ 21]ጎቱ900
ኤን20 ኤም98 ፒ2000
ኤን30 ጂ50 ኤስ1500
ኤን40 ቲ0101
ኤን50 ጂ96 ኤስ120 ኤም03
ኤን60 ጂ00 ኤክስ34.0 ዜድ0 ኤም08
ኤን70 ጂ01 ኤክስ‑1.6 ኤፍ0.12
ኤን80 ጂ00 ዜድ2.0
ኤን90 ኤክስ28.0
ኤን100 ጂ01 ዜድ‑43.0 ኤፍ0.2
ኤን110 ጂ00 ኤክስ34.0
ኤን120 ጂ28 ዩ0
ኤን130 ጂ28 ደብልዩ0
ኤን140 ቲ0505
ኤን150 ጂ97 ኤስ800 ኤም03
ኤን160 ጂ00 ዜድ‑43.0
ኤን170 ኤክስ34.0
ኤን180 ጂ01 ኤክስ‑0.5 ኤፍ0.06
ኤን190 ጂ00 ኤክስ40.0
ኤን200 ጂ28 ዩ0
ኤን210 ጂ28 ደብልዩ0
ኤን220 #500=#500+1
ኤን230 ጎቱ15
ኤን900 ኤም30

የመቁረጡ ክፍል የተለመደ ስለሆነ አልቆይበትም። ሁለት ነገር ብቻ።

ጂ50ን (የስፒንድሉን የፍጥነት ገደብ) እንዳትረሱ። ጂ96 ላይ ቱሉ ወደ መሃል ሲጠጋ ስፒንድሉ እየፈጠነ ይሄዳል። ገደብ ካልሰጣችሁት የማሽኑ የመጨረሻ ፍጥነት ድረስ ይወጣል። ውስጡ ደግሞ አንድ ሜትር ባር አለ። መጀመሪያ ቀን ከ1500ም ዝቅ አድርጉት፤ ድምፁን እየሰማችሁ ጨምሩ።

ቆጣሪው #500 ነው። ለምን #100 አልሆነም? ከ#100 የሚጀምሩት መብራት ሲጠፋ ይሰረዛሉ። ከ#500 የሚጀምሩት ይቆያሉ። በእኛ አካባቢ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ስንት ፒን እንደሠራ ያውቃል። ለዚህም ነው ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ #500=0 ያልጻፍኩት። ዜሮ የምታደርጉት አዲስ ባር ስትጭኑ፣ በእጃችሁ፣ የማክሮ ገጹ (እነዚህ የ# ቁጥሮች የሚታዩበት) ላይ ነው። ኤን15 ደግሞ ባሩ አልቆ ሳለ አንድ ሰው ሳያውቅ ስታርት ቢጫን በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይወስደዋል።

ማሽናችሁ ማክሮ ከሌለው ኢፍ የሚለው መስመር ላይ አላርም ያወጣል። ያኔ ከኤን20 እስከ ኤን210 ያለውን ኦ3000 በሚል ሰብ ፕሮግራም አድርጉት፣ መጨረሻው ላይ ኤም99 ጻፉ፣ ከዋናው ኤም98 ፒ213000 ብላችሁ ጥሩት። የመጀመሪያው 21 የድግግሞሹ ቁጥር ነው፣ 3000 የፕሮግራሙ። ይህ ግን መብራት ሲሄድ ቁጥሩን አያስታውስም፤ ወረቀት ላይ መዝግቡ።

ደረጃ 7፦ አዲስ ባር መጫን

ሰብ ፕሮግራሙ ባሩ ዜድ ‑43 ላይ ነው ብሎ ያምናል። ባሩ ወጣ ብሎ ታስሮ ከሆነ ማቆሚያው የታሰረ ባር ላይ ሄዶ ይጋጫል። ስለዚህ በዚህ ተራ ሂዱ።

1. የአየር ግፊቱን ዝጉ። ገፊውን ወደ ኋላ መልሱ። ባሩን አስገቡ።
2. በእጅ ነድታችሁ ማቆሚያውን ኤክስ0 ዜድ ‑38 ላይ አድርጉ።
3. ማንድሪኖውን ክፈቱ። ባሩን ከኋላ በእጅ ገፍታችሁ ማቆሚያውን አስነኩት። ዝጉ። ከፊት በኩል እጅ አይግባ።
4. ማቆሚያውን አርቁ። በመቁረጫው ዜድ ‑43 ላይ ቁረጡ። በመጋዝ የተቆረጠው ጠማማ ጫፍ እንደ ሳንቲም ይወድቃል። አሁን ፊቱ ቀጥ ብሎ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው።
5. ማክሮ ገጹ ላይ #500ን ዜሮ አድርጉ።
6. አየሩን ክፈቱ።

ደረጃ 8፦ ሙከራ

መጀመሪያ ያለ ባር። የዜድ ወርክ ሺፍቱን (የዜሮውን ቦታ የሚያሻግረውን ቁጥር) 100 ሚሜ ወደ ውጭ አድርጉና ሰብ ፕሮግራሙን ብቻ በሲንግል ብሎክ (መስመር በመስመር) አስኪዱት። ማቆሚያው አየር ላይ ሄዶ ይመለሳል። ማንድሪኖው በትክክለኛው ሰዓት ይከፈታል? ይዘጋል? ቅደም ተከተሉን በዓይናችሁ ተከተሉ። ከዚያ ሺፍቱን መልሱ። መመለሱን ሁለት ሰው ያረጋግጥ።

ቀጥሎ በባር። ራፒዱን 25 በመቶ ላይ አድርጉ፣ አንድ እጅ ፊድ ሆልዱ (እንቅስቃሴውን የሚያስቆመው ቁልፍ) ላይ ይሁን። የአየር ግፊቱን ከዝቅተኛው ጀምሩ፤ ባሩ ማቆሚያውን ሳይለቅ እስኪከተል ብቻ ጨምሩ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ባሩ ወጥቶ ማንድሪኖው ሲዘጋ ሲንግል ብሎክ ላይ አቁሙ። በካሊፐር ከጥርሱ ፊት እስከ ባሩ ፊት ለኩ። 51.5 መሆን አለበት። ባሩን በየጊዜው ወደ ዜድ ‑43 እየመለሳችሁ አምስት ጊዜ ደጋግሙ፣ አምስቱንም ጻፉ። በ0.2 ሚሜ ውስጥ ካሉ ቀጥሉ። የተበታተኑ ከሆኑ ገና ስፒንድል አታዙሩ።

ሲበላሽ

*ፊቱ ላይ ያልተቆረጠ ቦታ ይቀራል።* ወይ ማቆሚያው ተንሸራቷል፣ ወይ መያዣው ሲዘጋ ባሩን ወደ ኋላ ይስባል። መያዣው ኮሌት (በጥርስ ፈንታ ባሩን ዙሪያውን የሚጨብጥ) ከሆነ ሁለተኛውን ጠርጥሩ። 0.5ን ወደ 0.8 አሳድጉ፤ የሚወጣው ርዝመትም 43.8 ይሆናል፣ የባር ቆጠራውንም እንደገና አስሉ።

*ባሩ አንዳንዴ ያጥራል።* ሦስት ቦታ እዩ። አንድ፣ የኤን120 መጠበቂያ። ሁለት፣ ላይነሩ ውስጥ የተጠራቀመ ፍቅፋቂ። ሦስት፣ አየሩ። በክረምት ኮምፕሬሰሩ ብዙ ውኃ ያጠራቅማል፤ በየጠዋቱ አፍስሱት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ኮምፕሬሰር ከቆላ ይልቅ ቀስ ብሎ ይሞላል። ሌላ ሰው በዚያው መስመር በአየር እያጸዳ ከሆነ ግፊቱ ይወርዳል፣ ባሩም ይቀራል።

*ማሽኑ ይንቀጠቀጣል።* ወዲያው አቁሙ። ፍጥነት ቀንሶ መቀጠል አይሆንም። ባሩ ጠማማ ነው፣ ወይም ላይነሩ ሰፊ ነው።

*መብራት ሄደ።* ስትመለሱ ቶሎ ስታርት አትጫኑ።

1. ሃይድሮሊኩን አስነሱና የግፊት መለኪያውን እዩ። መርፌው ካልተነሳ ወዲያው አጥፉ። መስመር ተጠግኖ ሲመለስ ፌዝ ተገልብጦ ፓምፑ ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። ኤሌክትሪሻን ጥሩ።
2. መቁረጫው ባሩ ውስጥ ተቀርቅሮ ከቆመ በኤክስ ብቻ ወደ ውጭ አውጡት። ዜድን ከነካችሁ ይሰበራል።
3. ግማሽ የተቆረጠውን ፒን አትመኑት። በመሮ መትታችሁ ሳይሆን ስፒንድሉን በዝቅተኛ ፍጥነት አስነስታችሁ በመቁረጫው ጨርሱት። ፊቱ ዜድ ‑43 ላይ ይሆናል።
4. #500ን አንብቡ። ያ ፒን አልተቆጠረም፤ በእጅ 1 ጨምሩ።
5. ሆም መልሱ። ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ባር ፊደር ለሌላችሁ

ቱሬት ላይ የሚታሰር ባር ፑለር አለ። ሁለት ጣቶች ያሉት፣ ባሩን ነክሶ የሚጎትት። ከላይ ያለው ቅደም ተከተል ያው ነው፤ ልዩነቱ ዜድ ‑42 ላይ በመቆም ፈንታ ጣቶቹ ባሩ ላይ ይገባሉ፣ ጥርሱ ሲከፈት ይጎትታሉ። ግን 8 ሚሜ ክፍተት አይበቃውም። ጣቶቹ ጥርሱን ሳይነኩ የሚነክሱት ብረት ይፈልጋሉ። 20 ሚሜ ያህል ተዉለትና የባር ቆጠራውን አስተካክሉ። ከጎተተ በኋላ ማንድሪኖው ሳይዘጋ ፑለሩ እንዳይላቀቅ። ሲላቀቅ ደግሞ በዜድ ወይም በኤክስ እንደሚወጣ ከአሠራሩ አይታችሁ ጻፉ።

የመጀመሪያውን ባር ከጎኑ ቆማችሁ ጨርሱት። 21ኛው ፒን ሲወድቅ የቀረውን ቁራጭ አውጥታችሁ ለኩ። 81.5 ሚሜ ገደማ ከሆነ ሂሳባችሁ ልክ ነው። ከዚያ ያጠረ ከሆነ ቀጣዩን ባር ሳትጭኑ 21ን ወደ 20 ቀይሩ።